ጀሪካኑን ማንም አልገፋውም

ለታናሽ እህቴ ለናዚፋ፤ አዳማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽ? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ ጠሃስ ደህና ነው? ትንሿ አሪፋስ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ወገቧን ከማመሙ በቀር ደህና ናት፤ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ናዚፋዬ ፊዚክስ አስተማሪ ናት ሳትል አትውልም። አልዋሽሽም፣ እሱን ስሰማ አንጀቴ ያርራል።

ባለፈው ማክሰኞ ለሱቃችን ዘይት ላመጣ ቡሬ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሚኒባሱ ጢም ስላለ ጀሪካኔን መተላለፊያው ላይ አስቀመጥኩት። ማንኩሳን አልፈን ሹፌሩ ሳያበርድ ወደ ግራ ሲታጠፍ፣ ጀሪካኑ ተንሸራቶ በስተቀኝ የተቀመጡትን እታለም የሚባሉ እናት እግራቸውን መታቸው። እሳቸውም ከጀሪካኑ ጎን የተቀመጠውን ይርሳው የሚባል ገበሬ አንተ ነህ የገፋህብኝ አሉት። ቢምል ቢገዘት የሚያምነው ጠፋ። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ለፖሊስ እንስጠው ተባለ።

ዝም ማለት አቃተኝ። ማንም አልገፋውም፣ የታጠፈው መኪናው ነው፣ ጀሪካኑ ቀድሞ በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ መሄዱ ነው፤ እኛም አብረን ስለታጠፍን የተገፋ መሰለን እንጂ፣ መንገድ ዳር ቆሞ ያየ ሰው ቢኖር ይመሰክር ነበር አልኳቸው። ሳቁብኝ። ያን ጊዜ ይርሳው እግሩን ወንበር ላይ እንዲሰቅል፣ ሌላውም እግሩን እንዲሰበስብ ለመንኩ። ቀጥሎ መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ጀሪካኑ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ሄደ። ወይዘሮ እታለም ይርሳውን ይቅርታ ጠየቁት፤ እኔም ሳላስረው በመቅረቴ እሳቸውን ይቅርታ ጠየቅኩ።

ወደ ጅጋ የሚሄዱ ክንፈሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ግን ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም።

«መምህርት፣ ስምሽን ማን ልበል?» አሉኝ።

«ናዚፋ» አልኳቸው።

ለምን እንዳልኩ አጥቼው አይደለም። አባታችን ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ይህንኑ ትምህርት ስኳር እየመዘንኩ ያስረዳሁሽ እኔ ነኝ። የምረቃ ፎቶሽ ሲሰቀል ሚስማሩን የመታሁትም እኔ ነኝ፤ ያን ቀን እልል ያልኩት በአፌ ብቻ ነበር። እስክወርድ ድረስ መምህርት ናዚፋ ሲሉኝ አቤት እያልኩ መጣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቤት ስገባ አለቀስኩ።

ስምሽን በመውሰዴ አትቀየሚኝ። ክረምት ስትመጪ ግን ማን እንዳስጠናሽ ለእማ አንድ ቀን፣ ጎረቤት ባለበት፣ ንገሪልኝ።

ጠሃን ሰላም በይልኝ፤ አሪፋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማ በዱዓ ታስብሻለች። ወንድማችን አብዱሰመድም ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ ራጂያ
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.