የእትዬ ዓለምጌጥ ሳር

ኤፕሪል 9
ከዳላስ ኤርፖርት ግሬፕቫይን፣ ከግሬፕቫይን ኤርፖርት... ቀኑን ሙሉ በሻትል የሆቴል እንግዳ ሳመላልስ ዋልኩ። ቅዳሜ ግን ባሕር! የቅዳሜ አማርኛ ተማሪዎቼን ይዤ፣ ዳርቻው ላይ ወዳለው ጥብቅ ፓርክ። የፓርኩ ጠባቂ፣ ሬንጀሯ፣ «ይሄ ጉዞ ደህና ካለፈ፣ ጁን ላይ ልጆቹ ካምፕ ያድራሉ» ብላኛለች። ከአፓርትመንትና ከሞል ሌላ ምን አይተው ያውቃሉ?

ኤፕሪል 11
ሌሊት ወጥተን ረፋዱ ላይ ደረስን። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከአምናው አውሎ ነፋስ ገና አላገገመችም። ልጆቹ ጫማቸውን ጥለው ሮጡ። ሁሉ ሰላም... ልንመለስ ስንል፣ ምግብ ይዘውልን የመጡት እትዬ ዓለምጌጥ ሁለት ፌስታል ሙሉ ሳር ታቅፈው ከች! ከነሥሩ!

«ለፋሲካ ጉዝጓዝ ነዋ! እንዲህ ያለ ለምለም ዳላስ የት ይገኛል?»

ነፋሱ የናደውን አሸዋ እንዲይዝ የተተከለ ሳር ነው። የሬንጀሯ ፊት በርበሬ መሰለ። ሳሩን ወሰደች። ካምፑም ቀረ። እኔ በንዴት ላብድ ነው።

ኤፕሪል 12
አልተወውም። ያበጠው ይፈንዳ! ለሬንጀሯ ኮል አደረግኩ። መልሰን እንትከል አልኳት።
«ማን ነው የሚተክለው?»
«ራሳቸው የነቀሉት እናት።»
«እሺ፣ ሜይ 2 ኑ» አለችኝ።
ከአፌ አመለጠኝ... እትዬን መቼ ጠየቅኩና?

ኤፕሪል 14
ዋይሊ፣ እትዬ ቤት።
«አንተ ክብረት፣ ለበዓል ሳር መንቀል ወንጀል ሆነ?»
«እትዬ፣ ያ ሳር ከሌለ ማዕበሉ ከተማዋ ውስጥ ይገባል። ሊዮልም ካምፕ የለውም።»
ሊዮል የልጅ ልጃቸው ነው። በር ላይ ሲሸኙኝ፦ «አካፋ አላቸው ወይስ እኛ እንያዝ?»

ኤፕሪል 19
ፋሲካ። እትዬ ቤት ዶሮው አለ፣ ድፎው አለ፣ ወለሉ ባዶ። የመጣው እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። «ዘንድሮ ጉዝጓዝ የለም፣ ብላ!» ይላሉ።

ሜይ 2
ባሕሩ ዳር ሄደን ሳሩን ተከልን። ወገቤ ተቆረጠ። እትዬ ነጠላቸውን አደግድገው ቀና እንኳ ሳይሉ ዋሉ። ሬንጀሯ ስለ ካምፑ አንድ ቃል አላነሳችም።
«ካልበቃት ደግመን እንመጣለና» አሉኝ መኪና ውስጥ።

ጁን 13
ካምፕ! ደጋግመን ሄደን ከተከልን በኋላ ሬንጀሯ ራሷ ደወለችልኝ። ደስታዬን የት ላድርሰው?

ከሰዓት በኋላ ሊዮል ኳሱን ተከትሎ ወደ ሳሩ ሮጠ። ሬንጀሯ ልታስቆመው ከመኪናዋ ወረደች። እትዬ ቀደሟት።
«ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ! እኔ የተከልኩትን?!»
ሬንጀሯ እጇን አውለብልባልን ወደ መኪናዋ ተመለሰች።