ከአበባው ቅርጫት ሥር የተቀረጸው ስም

አቶ ኢሳዎ ኮኑማ ከአባታቸው ከቀርከሃ ሠሪው ከአቶ ቶኩማትሱ ኮኑማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ያዬ፣ በቤፑ ከተማ በፍል ውኃው ሰፈር በ1941 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። ይህን የምጽፈው የስድስት ዓመት ታላቃቸው ሞቶጂ ነኝ። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት ቢከብደኝም ወጉን አላፈርስም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1956 ወደ አባታችን ሥራ ቤት ገቡ። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ቀርከሃ ስሰነጥቅ ቆይቼ የተፈቀደልኝን ሽመና እሳቸው በሁለተኛው ዓመት ጀመሩ። ሰው ተሰጥኦ ይለዋል፤ እኔ አድልዎ እለዋለሁ።

በ1968 አባታችን ከቅርጫት ሥር የሚቀረጸውን የቤቱን ስም ከሁለት አንዳችን ሊያወርሱ ፈለጉና ለሻይ ሥነ ሥርዓት የሚሆን የአበባ ቅርጫት እንድንሠራ አዘዙን። የእኔ ጥብቅ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ነበር። የታናሼ ሳሳ ያለ፣ ጎኑም ትንሽ የተዛነፈ። አባታችን በሁለቱም ውስጥ የዱር አበባ ሰክተው ተራ በተራ አዩ።

«ሞቶጂ፣ ያንተን ያየ ሰው አበባውን መቼ ሊያየው ነው?» አሉኝ።

ስሙ ለታናሼ ሆነ። የእኔ እንደሚበልጥ ግን ዛሬም እምላለሁ።

በ1970 ከወይዘሮ ፉሚኖ ጋር ጋብቻ መሥርተው ናትሱኮንና ሺንያን ወለዱ። የሻይ ሥነ ሥርዓት መምህራን ከኪዮቶ ድረስ መጥተው ደጃቸውን ሲያጣብቡ፣ እኔ በዚያው ጣሪያ ሥር የሩዝ ማጠቢያ ቅርጫት እየሠራሁ በቅናት አርሬአለሁ።

በ2016 እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንድ ጠዋት ጅምር ሥራቸውን ይዘው መጡ።

«ጋሼ፣ እጄ ከዳኝ። አንተ ጨርስልኝ።»

«ሃምሳ ዓመት ቆይተህ ዛሬ ታየሁህ?»

«መቼ ሳትታየኝ ቀረህና! በእጅህ ስቀና አይደል እንዴ የኖርኩት።»

ከዚያ ወዲህ የሸመንኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ስሙን ብቻ ይቀርጹ ነበር። «የእርጅና ሥራቸው ከሁሉ ይበልጣል» ስትሉ ጥርሴን ነክሼ ሰማሁ። እውነቱን በቀብራቸው ቀን እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሴፕቴምበር 9 ቀን 2022 በ81 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

መንገዳቸው የቀና፣ ማረፊያቸው ብርሃን ይሁን። እኔን ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቢያመሰግነኝም፣ የሚቀናብኝ ወንድም ግን የለኝም።