ለመዶሻ የሚሆን አሻንጉሊት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

የጥርስ ሐኪሙ ሶፋ አለቀ። ሱቄ ውስጥ የምትሠራው ሰፊዋ ጨርቁን ሰፍታ ዘጋችው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩበት። ሶፋ በዓይን አይታወቅም፤ መቀመጫ ነው የሚያውቀው። አልረገበም፣ አልጎረበጠም። ትንሽ ቆየሁበት መሰለኝ...

«እንቅልፍህን በሥራ አታሳብብ» አለችኝ። የሴትዮዋ አፍ ከመርፌዋ ይሾላል። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ ያላባረርኳት። ወይስ እሷ ናት ያላባረረችኝ?

ከሰዓት በኋላ እህቴ ልጇን መዶሻን ይዛ ጎራ አለች። አሁን ሆዷ ነው ቀድሟት በር የሚገባው። «በሩን ላስፋልሽ እንዴ?» አልኳት። አልሳቀችም። እሷ እኮ ሳልቀልድም የምትስቅልኝ ናት... ምን ገጠማት?

መዶሻ ማግኔቱን ይዞ ወለሉ ላይ የወደቁትን ሚስማሮች ሲለቅም ቆየ። ሲሄድ እግሬን አቅፎ ጨመቀኝ። የአራት ዓመት ልጅ እንዲህ ይጨምቃል? ጉልበቴ አሁንም ይጠዘጥዘኛል። መዶሻ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ስም ማውጣት ግን እችልበታለሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እህቴ ቤት ሄድኩ። ልብስ ታጥፋለች። የመዶሻን ልብስ ለብቻ።

«መንገድ አለ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ዛሬስ ቀልዱ ይቅርብኝ።»

ከዚያ ዘረገፈችው። ባለፈው ሳምንት ነው አሉ። ጎረቤቷ ሕፃኗን አስተኝታ ወደ ጓዳ ገባ ስትል፣ መዶሻ ሕፃኗን በአንገቷ አንጠልጥሎ መስኮቱ ጋ ደርሷል። እንደ ድመት ግልገል። ወፍ ሊያሳያት ነበር። ሕፃኗ ደህና ናት፤ ምንም አልሆነችም።

«ክፋት የለውም እኮ» አልኩ።

«ክፋት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። ክፉን ልጅ ትቆጣዋለህ። እሱ የሚያንቀው የሚወደውን ነው።»

እውነቷን ነው። የልጁ ፍቅር ፍሬን የለውም።

ልትወልድ የቀራት ትንሽ ነው። ስለዚህ መዶሻ ወደ አባቱ እናት ይሄዳል። ባሏ ሹፌር ነው፤ ወሩ መጨረሻ ላይ በዚያ መስመር ሲሄድ በአውቶቡሱ ይወስደዋል።

«እስከ መቼ?»

«የሚወለደው አንገቱ እስኪጠና።»

አያቱ ደግ ሴት ናቸው፤ በእሳቸው በኩል አልሰጋም። ግን አንዱ ልጅ ሲገባ ሌላው ሲወጣ... መዶሻ ምን ብሎ ይረዳዋል? «ተተካሁ» ነው የሚለው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። እኔም አልገባሁም። ማንበብ የለመድኩት ከአሮጌ ሶፋ ሆድ በሚወጡ ጋዜጦች ነው፤ ግማሹን ዜና አነባለሁ፣ የተቀደደውን ከራሴ እሞላለሁ። ዛሬ ግን የምሞላው አጣሁ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ለማጅ በደንበኛ ወንበር አይማርም። አሮጌ ወንበር ይሰጠዋል፣ እሱን ያበላሻል፣ ከዚያ ነው ሰው የሚሆነው። ለመዶሻ የሚያበላሸውን ልጅ ማን ሰጠው?

አገኘሁት መሰለኝ!

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ሹፌሩን አውቶቡሱን ሲያጥብ አገኘሁት። «ለልጅህ አሻንጉሊት ልገዛለት ነው» አልኩት። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለው።

«ለወንድ ልጅ? ይልቅ መኪና ግዛለት።»

«ሚስትህ የምትወልደው መኪና ከሆነ እገዛለታለሁ።»

ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። ሲበቃው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብቻ እናቴ ጋ መሄዱን አልወደድኩትም» አለኝ። «ታዲያ ለምን አትነግራትም?» «አንተ ሞክራት እስቲ።» ተራራ የሚያህል አውቶቡስ የሚነዳ ሰው እህቴን ይፈራል። እኔም እፈራታለሁ፤ ተግባባን።

አመሻሹ ላይ ለእህቴ ነገርኳት። «ሞክር» አለች። «ከአሻንጉሊት ጋር ሲሆን አየዋለሁ። ካልሆነ ግን በቃሌ ነኝ፣ ይሄዳል።» እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

የልጆች ዕቃ መደብር። ሻጯ ወጣት ናት፣ ማስቲካ ታኝካለች።

«ለሴት ነው ለወንድ?»

«ለወንድ።»

መኪናና ሽጉጥ ወዳለበት መራችኝ።

«አሻንጉሊት ነው የምፈልገው፤ ለስላሳ፣ የሚታቀፍ።»

«ለወንድ ነው አላሉኝም?»

«አዎ። ለእኔ።»

ማስቲካዋን ዋጠችው መሰለኝ።

የመጀመሪያው ፕላስቲክ ራስ ነበረው፣ የዓይን ሽፋሽፍቱ መጥረጊያ ያህላል። መዶሻ አንዴ ቢወረውረው መስታወት ይሰብራል። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ ግን ሆዱ ሲጨመቅ ይዘፍናል። እስቲ አሁን ለመዶሻ ይህ ይሰጣል? በጨመቀ ቁጥር ዘፈን ሊመረቅለት! ሦስተኛው ድብ ነው። እህቴ ድብ አትወልድም።

ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ አንድ የጨርቅ ሕፃን ነበር። ጸጉር የለውም፣ ፊቱ ታጥፎ ኖሮ ተጨማድዷል። አነሳሁትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ሥራዬ አስለምዶኛል፤ አላፈርኩም። ክንዴ ላይ ስምጥ አለ። ራሱ ወደ ኋላ ዘፍ ሲል እጄ ሳላዘው ሄዶ ደገፈው።

«አባባ፣ ይገዙታል ወይስ እዚሁ አስተኝተውት ይሄዳሉ?»

አባባ! ትንሽ ሸበት ስላለኝ ነው እንግዲህ። ገዛሁት።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሰፊዋ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ሕፃን ነው ወይስ ጡረታ የወጣ ዳኛ?» ስሙ ወጣ። ዳኛው።

እንደያዝኩት ግን አንድ ነገር አላስቻለኝም። ውስጡ ልል ነው! ጥጡ አንድ ቦታ ተቋጥሯል፣ አንገቱ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ጀርባውን ፈትቼ፣ ጥጥ ጨምሬ፣ በዘንግ ጠቅጥቄ፣ ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። አሁን ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እንዴት ያምራል!

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሰጠሁት። ወዲያው በአንገቱ አንጠለጠለው። ዳኛው ምንም አልሆነም። በእግሩ ያዘው፣ ምንም። በራሱ አቆመው... ቆመ! መዶሻ አጨበጨበ። እህቴ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ሰፊዋ ስነግራት መቀሷን አስቀመጠች። «አንተ ሰውዬ፣ ወንበር እኮ ነው የሞላኸው። በአንገቱ ቢያዝ ምንም የማይሆን ልጅ ሰጥተህ ልጁ ምን ይማር?»

ለካ መጀመሪያ ስመርጠው ልክ ነበርኩ፤ ያበላሸው እጄ ነው።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ዳኛውን ከመዶሻ መልሼ ወሰድኩት፤ ሱቁን ዘግቼ ፈታሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይረግብ ስሞላ የኖርኩ ሰው፣ እንዲረግብ መሙላት አቃተኝ። ጥጥ አወጣለሁ፣ ሳላውቀው እጄ መልሶ ይጠቀጥቃል። አወጣለሁ... ይጠቀጥቃል። ራሱ ላይ ክብደት እንዲኖረው ታጥቦ የደረቀ አሸዋ በትንሽ ከረጢት ከተትኩ። ሩዝ አስቤ ነበር። ሰፊዋ ትናንት «አይጥ የዳኛውን አእምሮ ትበላዋለች» ብላኛለች።

አንገቱን ባዶ ተውኩት። ስሰፋው አፈርኩ። ደንበኛ ቢያየኝ ምን ይላል? ግን ክንዴ ላይ ሳስተኛው... አዎ። ይኼ ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ በወግ በማዕረግ ነው ያስተዋወቅኳቸው።

«ስሙ ማን ነው?» አለኝ መዶሻ።

«ስሙ አይባልም። ስማቸው። ዳኛው ናቸው። እንግዳ ናቸው፤ እርስዎ ነው የሚባሉት።»

ደስ ብሎኝ ነው የቀለድኩት። እሱ ግን አምኖ ተቀበለኝ። «ይምጡ» ብሎ በአንገታቸው አነሳቸው። ራሳቸው ወደ ኋላ ዘፍ! መዶሻ ደነገጠ።

«ሞቱ?»

«አልሞቱም። አንገታቸው ገና ስላልጠና ነው። ከሥር በእጅህ ትደግፋቸዋለህ።»

«ለምን አልጠናም?»

«አዲስ ስለሆኑ።»

«አሮጌ ናቸው እኮ! ፊታቸው ተጨማዷል።»

ልጁ አሸነፈኝ። «አዲስ ሰው ሲመጣ ፊቱ እንደዚህ ነው» አልኩት። አሰበ። «የእማዬም ልጅ?» «የእማዬም።» እጁን ከዳኛው ራስ ሥር ሰደደ። በጣም ቀስ ብሎ... ትንፋሹን ይዞ። የመጀመሪያ ስፌቱን እንደሚሰፋ ለማጅ ምላሱን ከንፈሩ ላይ አውጥቶ ነበር።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

መጥፎ ቀን። እህቴ አጠገባችን ቁጭ ብላ እያየችን ነበር። መዶሻ ዳኛውን አቅፎ ይዞራል፣ «አይዞዎት፣ አይዞዎት» እያለ። የእህቴ ፊት ፈታ ማለት ጀመረ። ከዚያ አባቱ ከጓዳ «ብስኩት!» ሲል፣ ዳኛው በራሳቸው ወለሉ ላይ ዷ!

«አየህ ጋሼ? ይቺን ነው የምፈራው።» ተነስታ ሄደች።

መዶሻ ብስኩቱን በጥርሱ ይዞ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ እጅ ከራስ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫ ሥር፣ አነሳቸው። ግንባራቸውን አሸላቸው። እኔ አየሁ። እሷ አላየችም። ብነግራት ደግሞ የእኔን ወሬ ማን ያምናል? ሲቀልድ የኖረ ሰው ዕዳው ይኼ ነው።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ሴት ልጅ! ሁለቱም ደህና ናቸው። ሹፌሩ በር ከፍቶ ሲነግረኝ እያለቀሰ ይስቃል። መዶሻ «ፊቷ ተጨማዷል?» ብሎ ጠየቀው። «በጣም» አለው አባቱ። መዶሻ ረካ።

መዶሻ ወደ አያቱ የሚሄድበት የቅዳሜው ጉዞ ግን አልተሰረዘም። ጠየቅኩ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

እህቴ ከወለደች ወዲህ አትተኛም። አንድ እጇን ሕፃኗ ላይ ጭና ታሸልባለች፤ መዶሻ በበሩ ካለፈ ትባንናለች። እሱም ገብቶታል፤ ከበሩ ወዲህ አያልፍም። እዚያው ደፉ ላይ ዳኛውን አቅፎ ይቀመጣል። አንጀቴን በላኝ።

ዛሬ ጠያቂ መጣ። የሹፌሩ እህት፣ ድምፅዋ ከወንድሟ አውቶቡስ ጡሩምባ የማይተናነስ። «እስቲ የወንድሜን ልጅ!» አለችና ሕፃኗን በብብቷ ይዛ ብድግ። ትንሿ ራስ ወደ ጎን ዘንበል አለች።

«አንገታቸውን!»

መዶሻ ነው። ሁላችንም ዞርን። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ ዳኛውን ትራስ ላይ አስተኛቸው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እጁን ከራሳቸው ሥር ሳያወጣ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ነው የሮጠው።

«አንገታቸውን ይያዙላቸው እንጂ! ገና አልጠናም እኮ!»

አክስቱ ደንግጣ መዳፏን ከሕፃኗ ራስ ሥር ሰደደች። «ይሄ ልጅ ማንን ነው እርስዎ የሚለው?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ።

እህቴ አልሳቀችም። ትራሱ ላይ የተኙትን ዳኛ እያየች ነበር። ያኔ አላየችም ነበር፤ የዛሬውን ግን አይታለች።

ጉዞው ይቀር እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። መዶሻን ልሸኘው፣ ለመንገድ የሚሆን ቀልድም አዘጋጅቼ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ያለው ወንበር ላይ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ያንኮራፋል።

«ልጁስ?»

«ሥራ አለበት» አለኝ። ጥርሱን ለመዝጋት እየታገለ ነበር።

እንዴት እህቴ ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ዳኛው ከአልጋው ሥር ባንድ እግራቸው ወጥተው ተዘቅዝቀዋል፤ ማንም ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ደላቸው፣ ጡረታቸው ነው። መዶሻ ሶፋው ጥግ ላይ፣ ትራስ ተደርጎለት፣ እህቱን ታቅፏል። እናቱ አልጋዋ ላይ በጎኗ ጋደም ብላ ታየዋለች።

«አትጩኽ» አለኝ ገና ሳልናገር።

«እሺ። እኔስ አልይዛትም?»

ከላይ እስከ ታች ገመገመኝ። «ታጥበሃል?» ታጥቤ መጣሁ። «ተቀመጥ። ወደ ኋላ ደገፍ በል። ክንድህን እንዲህ አድርግ... አይደለም አጎቴ፣ እጅህ ደርቋል፤ አላላው።» አላላሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ለማጅ አሠልጥኛለሁ፤ እንዲህ ያለ ቁጡ አለቃ ግን አልገጠመኝም። እህቴ ሕፃኗን ከእሱ ተቀብላ ክንዴ ላይ አስቀመጠቻት። መዶሻ እጁን ከእጄ ሥር ሰደደ፤ አላመነኝም።

አራስ ልጅ አቅፌ አላውቅም ነበር። ምን ያህል እንደምትሞቅ ማንም አልነገረኝም።

«ስሟን ማን እንበላት?» አልኩ ቀስ ብዬ። «ሚስማር ይሆናል?»

«እሽሽ» አለኝ።

ለካ በቀልዴ ተቆጥቶ አልነበረም። በአገጩ ወደ አልጋው አመለከተኝ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እያለቀሰች መሰለኝ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየኋት።

ተኝታለች።