አባትሽ የጠረቡት የበር ጌጥ

ይድረስ ለልጄ ለምስጢር፤ የቁስቋሟ እመቤት በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ አዘዞ ያሠራሽው ቤትም አልቋል።

አባትሽ መሪጌታ ህሩይ ጾሙን ሙሉ ዋንዛ ጠርበው ለየበሩ ዙሪያ ጌጥ ሠርተውልሽ ነበር። ማክሰኞ ጂፕሰም ሠሪው መጣና፣ «ምስጢር እንጨቱ ይነቀልና በጂፕሰም ይተካ ብላለች» አለ።

«ራሷ ናት ያለችው?» አሉ አባትሽ።

ስልኩን ከፍቶ ድምፅሽን አሰማቸው። አባትሽም የተነቀለውን እንጨት አንድ በአንድ ለቅመው ቁስቋም ወዳለው አሮጌ ቤታችን ተመለሱ። ምነው ልጄ፣ የእሳቸው ሥራ መሆኑን ነግሬሽ አልነበር? ጎረቤት ጂፕሰሙን ሸጋ ነው ይላል፤ እኔ ቀና ብዬም አላየሁት።

አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ለአባትሽ ደውዪላቸው። «የእርስዎ ሥራ መሆኑን አላወቅሁም ነበር» በዪያቸው። እኔ እንደ ነገርኩሽ አልነግራቸውም።

እናትሽ ወለተ ሚካኤል