ባንቺአየሁ ቤቷን አልለቀቀችም

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ሐሙስ፣ የካቲት 1976 ዓ.ም.

ውድ ጎረቤቴ ባንቺአየሁ፣

እንዴት ሰንብተሻል? አደይስ እንዴት ናት? ጠበሉ እንደ ሰመረላት፣ እህል መቅመስ እንደ ጀመረች፣ ከዘጌ እንጨት ሊሸጥ የተሻገረው አለበል ነግሮኛል። እግዚአብሔር ይመስገን። ሌላ ጊዜ ቢሆን አሁን የሰፈሩን ሰው ሰላምታ በየስሙ እዘረዝርልሽ ነበር። ዛሬ ጊዜ የለኝም። ቤትሽን ሊወስዱብሽ ነው። እሑድ ጧት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ የቤት ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ይሰበሰባል። ቤትሽ ለሊቀ መንበሩ ለአምባቸው የሚስት ወንድም ይሰጥ ተብሎ እጅ ሊወጣበት ነው። እስከ ቅዳሜ ማታ እዚህ መድረስ አለብሽ።

ይህን ያመጣብኝ ማን ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። እኔ ነኝ።

መሪጌታ መርስዔ ኀዘን፣ ይህን የሚያነቡላት እርስዎ እንደሆኑ አለበል ነግሮኛል። አደራዎን፣ ለእኔ አዝነው አንድም ቃል እንዳይዘሉ። ቢቆጡ እንኳ አንብበው ይጨርሱና ይቆጡ። ፊደሉን አራርቄ የጻፍሁት ለእርስዎ እንዲመች ብዬ አይደለም፤ ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅ ነው።

ባንቺአየሁ፣ ይህ ፎቅ እንዴት እንደቆመ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ማኅበር መሬቱ ሲሰጥ፣ መዋጮ ያነሰው በጉልበቱ ይሙላ ተባለ። ወንዶቹ ፈረቃ ላይ ናቸው። አሸዋውን እሑድ እሑድ ከዓባይ ዳር የተሸከምነው እኛ ነን። አንቺ አደይን በሆድሽ ይዘሽ ነበር። ወገቤን የያዘኝ ቀን የእኔን ጆንያ ግማሹን ወደ አንቺ ገልብጠሽ፣ አንድም ቃል ሳትናገሪ ቀድመሽኝ ሄድሽ። ነፍሱን ይማረውና አስማማው ይህን ሲሰማ ሊደበድበኝ ቃጥቶት ነበር። ስለዚህ ያ ቤት የአስማማው ብቻ አይደለም፤ ባል ሲሞት ለሚስት የተረፈ ቤትም አይደለም። ያንቺው ነው።

ዕጣው ሲወጣ ለእኔ አንደኛ ፎቅ፣ ላንቺ ከራሴ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰን። ሁለታችንም የሣር ቤት ልጆች ነን፤ በሰው አናት ላይ መኖርን ከየት እናውቀዋለን? አንቺ በአገርሽ እንደለመድሽው ሙቀጫውን ወለሉ ላይ አቁመሽ በርበሬሽን ወቀጥሽ። የእኔ ጣሪያ ኖራው እየረገፈ ወጤ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን በመጥረጊያ እንጨት ከታች ደበደብሁት። አንቺ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ፣ ወለሉ የእኔ ነው፤ ጣሪያው ያንቺ ከሆነ አውርጂውና ውሰጂው አልሽኝ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። አንቺ ቀልደሽ ትረሺያለሽ። እኔ አልረሳም። ባሌ ጥሎኝ መራዊ የገባ ጊዜ ሰው ያለኝን ሁሉ፣ ማን እንዳለው ጭምር፣ ዛሬም አውቃለሁ።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ አንቺ ዓይኔን ያመኛል ብለሽ ቀረሽ። እኔ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ደብተር ታቅፌ ደረጃው ሥር ተቀመጥሁ። የምታስተምረን የፈትል ክፍሏ የሺመቤት ነበረች፤ ስምንት ሰዓት ቆማ ሠርታ መጥታ ደግሞ ለእኛ ትቆማለች። ያን ጊዜ ባልዲሽን ይዘሽ በመካከላችን ስታልፊ፣ «የሻሽ፣ ስትጨርሺ ድቁና ነው የምትቀበዪው ወይስ በቀጥታ ቅስና?» አልሽኝ። ላንቺ የአንድ ጧት ጨዋታ ነበር። እኔ ግን በልቤ ማልሁ። ከእንግዲህ ማንበብ አልችልም የሚል ቃል ካፌ አይወጣም ብዬ ማልሁ።

የምስክር ወረቀቱን ሳገኝ ግድግዳዬ ላይ በምስማር መታሁት። ደረጃው መግቢያ ላይ «ይህ ሕንፃ ከመሃይምነት ነፃ ወጥቷል» ተብሎ በቀይ ቀለም ሲጻፍ፣ ለእንግዶቹ ጮክ ብዬ ያነበብሁት እኔ ነኝ። የሴቶች ተጠሪ ብለው ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡኝም ለዚያ ነው።

ለማንም ያልነገርሁት ነገር ነበር። እኔ የማነበው የመጽሐፉን ፊደል ነው፤ ተለያይቶ ቀጥ ብሎ የቆመውን። ሰው በብዕር እየተጣደፈ የጻፈውን፣ አንዱ ፊደል በሌላው ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለውን፣ አላውቀውም። ለእኔ ጉንዳን የሄደበት አመድ ነው።

በኅዳር አደይን አዝለሽ ወደ ዘጌ ልትሻገሪ ስትወርጂ ደረጃው ላይ ተገናኘን። ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆኖን ነበር። ቆምሽና፣ «ጠበል ልወስዳት ነው። ቤቴን ዓይንሽ አይለየው፤ ለኮሚቴውም ንገሪልኝ» አልሽኝ። እሺ አልሁ። ለአምባቸውም ነገርሁት። እሱም እግዜር ይማራት አለ። የማኅበሩ ደንብ ለታመመ ሰው ጊዜ ይሰጣል፤ ቤቱን ለቅቆ የሄደ አባል ቤት ግን ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ልዩነቱ በአንድ ሰው ምስክርነት የሚቆም መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብሁም።

በጥር ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምባቸው ቃለ ጉባኤውን በእጁ ጽፎ ሲጨርስ፣ እትዬ የሻሽወርቅ አንብበው በብዕር ይፈርሙ፣ የቀራችሁት አውራ ጣታችሁን አኑሩ አለ። ሰባት ሰው እያየኝ ወረቀቱን ተቀበልሁ። ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አወረድሁት። ከንፈሬን አንቀሳቀስሁ። የሺመቤት አንድ ገጽ ለማንበብ የምትፈጀውን ያህል ቆየሁና ገለጥሁ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ «መልካም ነው» ብዬ ፈረምሁ። መልካም ነው አልሁ፣ ባንቺአየሁ። ሌሎቹ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ እኔ ብዕሩን ከድኜ መለስሁ።

ያለፈው ሰኞ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ደረጃው ሥር ካለው ሰሌዳ ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። በታይፕ የተመታ ነው። ፊደሉ እንደ መጽሐፌ ፊደል አንድ በአንድ ቆሟል። ባልዲውን አስቀመጥሁና በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ቤቷን በገዛ ፈቃዷ ለቅቃ ወደ ገጠር መግባቷን የቅርብ ጎረቤቷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ለኮሚቴው አረጋግጣለች ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ተሳስቼ ከሆነ ብዬ ነው። አልተሳሳትሁም። በዕድሜዬ እንዲያ አድርጌ ያነበብሁት ወረቀት የለም።

ባልዲውን እዚያው ትቼ ጽሕፈት ቤቱ ገባሁ። አምስት ስድስት ሰው ተቀምጦ ነበር።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ባንቺአየሁ ልጇን ይዛ ጠበል ገባች እንጂ ቤቷን አልለቀቀችም» አልሁት።

«ለቅቃለች ያሉት እርስዎ ነዎት። ፊርማዎ አለ።»

«አላነበብሁትም።»

«ታዲያ ያን ያህል ጊዜ ወረቀቱን ይዘው ምን ያደርጉ ነበር፣ እትዬ? ያሸቱት ነበር?»

ሳቁ። እሱ ራሱ አልሳቀም። እስከ በሩ ሸኘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንበብ የማልችል ከሆነ የምስክር ወረቀቴ ሐሰት እንደሆነ፣ የምስክር ወረቀቴ ሐሰት ከሆነ ደግሞ የሺመቤት ዘመቻውን አጭበርብራለች ተብላ እንደምትጠየቅ ነገረኝ። አሻጥር ይባላል ይህ አለኝ። እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፤ አንድ ባዶ ቤት ነው አለኝ። አሻጥር በሚለው ቃል ተጠርተው የሄዱ ሰዎች ምን ያህሉ እንደተመለሱ ታውቂያለሽ።

የየሺመቤት በር ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ቁልፍ ቀዳዳዬ ላይ ዓይኔን አደርጋለሁ። ትናንት ወተት አምጪው ነበር። ከትናንት ወዲያ የመብራት ቆጣሪ የሚያየው። እስካሁን እነሱ አልመጡም።

ትናንት የሺመቤት ከፈረቃ ስትመለስ ጠብቄ ሁሉን ነገርኋት። የጥጥ ብናኙ ከፀጉሯ ሳይራገፍ ቁጭ አለች። የእጅ ጽሑፍ አላስተማርሁዎትም፤ ዙሩ ሲያልቅ አለቀ ተባልን አለች። ከዚያ፣ «ይናገሩ። ግን ከመናገርዎ በፊት ይንገሩኝ፤ እናቴን ዳንግላ ልሸኛት» አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

መሪጌታ፣ አይዝለሉ ያልሁዎት እዚህ ላይ ነው።

ባንቺአየሁ፣ ያን ቀን ከዚያ ሁሉ የጉንዳን መንገድ መካከል ስምሽን ለይቼ አውቄው ነበር። የሺመቤት የቀሪዎችን መዝገብ በእጇ ስትጽፍ ዘወትር ስለማየው፣ ያንን ስም ለምዶታል ዓይኔ። ይህ ስም እዚህ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ይህን ለመጠየቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። እኔ ግን ቅጣት ጥለውባት ይሆናል፣ ትቀጣ፣ ብዬ አለፍሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከራሴ በላይ ሰው አልነበረም። ጣሪያዬ ዝም ብሎ ነበር። ዝምታው ጥሞኝ ነበር።

እኔው ራሴ ተሻግሬ ልነግርሽ እችል ነበር። ለአለበል ጉልበቴን ያመኛል አልሁት። ጉልበቴ ደኅና ነው። ፊትሽን ፈርቼ ነው። ነገ እንጨቱን ሽጦ ሲመለስ ይህን ይዞልሽ ይመጣል።

ዓርብ ጧት

ደብዳቤውን ትናንት አሽጌው ነበር። ከፈትሁት።

ዛሬ በማለዳ አምባቸው አናጢ አስከትሎ ወጣ። እሑድን አልጠበቀም፤ ቁልፍሽን ሊያስለውጥ ነው። መጀመሪያ ወደ የሺመቤት የመጡ መስሎኝ ነበር። አልፈው ወደ ላይ ሲወጡ ነው የገባኝ። ነጠላዬን እንኳ ሳልለብስ ተከተልኋቸው፣ በመካከላቸው አልፌ ደጃፍሽ ላይ ተቀመጥሁ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

«ይነሡ፣ እትዬ» አለኝ።

አልተነሣሁም። አናጢው የሣጥኑን ክዳን ከፍቶ ቆሟል። ሴቶቹ በየበራቸው ወጥተው ደረጃው ላይ ተደረደሩ። የሺመቤትም ወጣች። ቀድሜ ልነግራት ቃል ገብቼ ነበር፤ ጊዜ አልነበረኝም። አየኋትና አየችኝ። ራሷን ነቀነቀችልኝ።

«የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም» አልሁ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «ያነበብሁ መስዬ ፈረምሁ። የሺመቤት ያስተማረችኝን አውቃለሁ። ያልተማርሁትን አውቃለሁ ያልሁት እኔ ነኝ። ባንቺአየሁ ቤቷን አልለቀቀችም።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ፅጌ ማርያምን ታውቂያታለሽ፤ ኮሚቴው ውስጥ አብራኝ ናት፣ ምላሷም ለማንም አይራራም። ከታች ሆና፣ «ይህንንማ ማን አጣው?» አለች። «ያን ቀን ከንፈርሽ ሲሮጥ ዓይንሽ አንድ ቦታ ቆሞ ነበር እኮ።»

ያውቁ ኖሯል። ሁሉም ያውቁ ኖሯል። እኔ የደበቅሁት ከራሴ ብቻ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እሷ ግን በዚያ አላበቃችም፤ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ አውራ ጣቷን ወደ አምባቸው ዘረጋች። «እኔስ በዚህ ምን ብዬ እንደፈረምሁ ይነበብልኝ» አለችው። ከኋላዋ አንዲት ሴት ለእኔም ይነበብ አለች።

አላነበበላቸውም። አናጢውን በዓይኑ ጠቀሰውና ወረዱ። ደረጃው መካከል ሲደርስ ዞሮ፣ «እሑድ እንገናኛለን» አለኝ። እትዬ አላለኝም።

የሺመቤት እናቷን ይዛ አሁን ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄዳለች። እኔ የምሸኘው የለኝም። ከላይ ያሉት መስመሮች የተጣመሙት ስጣደፍ ነው፣ መሪጌታ ይታገሡኝ። ሰዎቹ ለእኔ ይመጡ እንደሆነ፣ ለእሷ ይመጡ እንደሆነ፣ ጭራሽ ይተዉን እንደሆነ አላውቅም።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። እሱን ስትመጪ ደረጃው ላይ ቆመን እንጣላበታለን። አሁን የምልሽን ስሚ። ከኅዳር ጀምሮ ጠበል ላይ መሆንሽን መሪጌታ ይጻፉልሽ፤ የደብሩ ማኅተም ይረፍበት። አለበል ቅዳሜ ሲነጋ ይዞሽ ይነሣ። ሐይቁ ከተናወጠ በየብስ ዙሪ። አደይን ለማን እሰጣለሁ ብለሽ እንዳትቀሪ፤ አምጫትና እኔ አልጋ ላይ ትተኛለች።

እሑድ በሦስት ሰዓት የአባላት ስም ይጠራል። ስለ ፊርማዬ ዛሬ የተናገርሁትን እዚያም እናገራለሁ። ስምሽ ሲጠራ ግን ሰው ሁሉ ወደ እኔ እንደሚዞር አውቃለሁ፤ ጎረቤቷ አንቺ ነሽ፣ መልሺላት እንደማለት። እኔ አልመልስም። እስካሁን ባንቺ ፋንታ የተናገርሁት ይበቃል። አቤት የሚለው ድምፅ ያንቺ ይሁን።

ጎረቤትሽ
የሻሽወርቅ