የጥጃ እጢ በፍልሰታ

ልጄ ኒቆዲሞስ፣ ኪዳነ ምሕረት ከክፉ ትሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ ሰፈራችን ሳቢያን በሙቀት እንደነደደ ነው።

«ወጣት ያደርግሻል» ብለህ የላክኸውን ክኒን እየዋጥኩ ሰነበትኩ። ፋርማሲ የምትሠራው ጎረቤታችን ሳሌም ማሸጊያውን ስታነብልኝ ለካ ከጥጃ እጢ የተሠራ ነው። ያን ሁሉ ዓመት አስተምሬህ ማሸጊያ እንኳ አታነብም፤ እናትህን በፍልሰታ ጾም ሥጋ አበላሃት። የተረፈውን ደቻቱ ወንዝ ወርውሬዋለሁ፣ ጎርፉ ወጣት ይሁንበት።

ታይመስ የሚሉት ይህ እጢ ደረት ውስጥ ተቀምጦ በሽታ የሚዋጉትን የሰውነት ወታደሮች በልጅነት ያስተምራል፤ ከዚያ በዕድሜ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ በክኒንም አይመለስም አለችኝ ሳሌም። ምን ይገርማል? እኔንም ያሟሸሸኝ አንተን አስተምሮ መሸኘት ነው።

እመቤቴ ዕድሜህን ትባርክልኝ። ክኒኑን ተውና ራስህ ና፤ ልጅን ማየት በጾም አይከለከልም።

እናትህ ሙሉነሽ