እኔና ቢንቢ ብቻ የቀረንበት ቤት

ሰኞ፣ መስከ. 21፣ ከሥራ መልስ

የወባ መድኃኒት የምንረጭበትን ፓምፕ አጥቤ አስረከብኩ። እጄን በሳሙና ሁለቴ። ሽታው አልለቀቀም። እንደምን አመሸህ ደብተሬ። ከባኬ ጃማ እስከ ቢላ ከተማ የኔን ስም ሰምታ የማትሸሽ ቢንቢ የለችም። እሺ፣ ቢላ ረጭቼ አላውቅም። ባኬ ጃማም ቢሆን ሁሉን አይደለም፣ ከጡብ መሥሪያው ጉድጓዶች አጠገብ ያሉትን ቤቶች ነው። እዚያ ግን ንጉሥ ነኝ።

የማታ አስተማሪያችን በየቀኑ ጻፉ፣ አለዚያ ፊደሉ ይከዳችኋል ብሎናል። ጓደኞቼ ቁቤ ክፍል ገቡ። እኔ ይሄኛውን፣ የአማርኛውን፣ የመረጥኩት አያንቱ የምታነበው ይሄን ስለሆነ ነው። በደርግ ጊዜ የተማረች ናት። አያንቱ ሚስቴ።

አምና ወባ ሁለቴ ጣላት። በሁለተኛው ጭንቅላቷ ላይ ወጣባት፣ እኔን አጎቴ ብላ ጠራችኝ። ስትድን ሐኪሙ ድጋሚ እንዳይነካሽ አላት። ቢላ እህቷ ዘንድ ሄደች። ቢንቢ ያለበት ቤት አልመለስም ብላ ነው የሄደችው።

ዛሬ ደወለች። ቤቱ ጸዳ ወይ አለች። እንዴታ፣ የማን እጅ ነው አልኳት። እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። ቤቱ ናፈቀኝ አለች።

ይቺን መስመር ደግሜ አነበብኳት። የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

ማክሰኞ፣ መስከ. 22፣ አመሻሽ

ቤቴ በዘመቻው ተረጭቷል። ትናንት ግን ደገምኩት። ፓምፕ ውስጥ የተረፈውን ጉድጓድ ውስጥ ድፉ ነው የሚሉን። እኔ በባልዲ አምጥቼ ግድግዳዬ ላይ ደፋሁት። በላዩ ከሱቅ አንድ ጣሳ መርጫ ገዝቼ ጨረስኩበት። አለቃችን ይህን እንዳያነብ፣ አደራ።

ዛሬ ስገባ በረሮ አልቋል። ጉንዳን አልቋል። ጣሪያው ጥግ ድር የምትሠራዋ ሸረሪት እግሯን አጣጥፋ ወድቃለች። አያንቱ ከሄደች ወዲህ የማወራው ከሷ ጋር ነበር። አትመልስም፣ ግን አታቋርጥም። ዶሮዋ በረሮዎቹን ለቅማ ደጃፍ ላይ ሞታ ተጋድማለች። የአያንቱ ዶሮ ናት። ይሄ በስልክ የሚወራ አይደለም።

አሁን ስጽፍ ጆሮዬ ሥር አንዷ ዘፈነች። አጨበጨብኩባት፣ አመለጠች። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ቢንቢ ብቻ ነን።

ረቡዕ፣ መስከ. 23፣ ከሰዓት

ሌንሴ የምትባል ቢንቢ የምታጠና ልጅ መጣች። መድኃኒቱ ይሠራ እንደሆነ ልትፈትን። ለፈተናው የተረጨ ግድግዳ ፈለገች። የኔን ሰጠኋት። ለምን የሰው ትወስዳለች። ለረጪ ጓደኞቼም፣ ከዚህ ግድግዳ በሕይወት የምትነሣ ካለች ፓምፑን በጥርሴ ነክሼ ጨለለቂ ዳገት ላይ አወጣዋለሁ አልኳቸው።

የልጅቷ ቢንቢዎች ከኛው ጉድጓድ በእጭነታቸው ተቀድተው ያደጉ ናቸው። እንደ ስኒ የጎደጎደ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጠፈች። በቀጭን ቱቦ ሳበቻቸውና እፍ ብላ አስገባቻቸው። ግድግዳዬ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ወረቀት ኩባያ፣ ከላይ ስኳር ውሃ የነካ ጥጥ። እስከ ነገ ይቀለባሉ። እኔ ዛሬ ሻይ ያለ ስኳር ነው የጠጣሁት፣ መግዛት ረስቼ። ሁለት ሰው ሲሆን አይረሳም።

ሐሙስ፣ መስከ. 24

አልሞቱም። ጥቂቶቹ ወድቀዋል፣ የሚበዙት ኩባያው ግድግዳ ላይ ቆመዋል። ጠጋ ብዬ አየሁ። አንዷ የኋላ እግሯን እያነሣች ታሻሸዋለች፣ ገበያ እንደምትወጣ ሴት።

ዱጋሳ፣ አብሮኝ የሚረጨው፣ ኦቦ ገመቹ ጥርስህ እንዴት አደረ አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለሌንሴ ያንቺ ቢንቢዎች በስኳር የባለጉ ናቸው አልኳት። እሷ አልሳቀችም።

"ኦቦ ገመቹ፣ የእጅዎ ጥፋት አይደለም። ስንት ዓመት ያንኑ መድኃኒት ረጨን። የሞቱት አልወለዱም። የተረፉት ወለዱ።"

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከብዙዎቹ መካከል አንዳንዷ ሲፈጥራት መድኃኒቱን የምትችል ትኖራለች። ሌሎቹ ሲሞቱ አገሩ የሷ ይሆናል። ልጆቿም እሷን ይመስላሉ። ከጉድጓዶቹ በላይ ቲማቲም የሚያለሙት ደግሞ የተባይ መርጫቸውን እዚያው ውሃ ዳር ያጥባሉ፣ እጮቹ ገና ሳይበሩ ይፈተኑበታል። መፍትሔው መድኃኒቱን ከሌላ ዓይነት ጋር ማፈራረቅ ነው አለች። ሌላው እስኪመጣ አጎበር።

ሦስት እጥፍ ቢረጭስ አልኳት፣ ስለ ሰው እንደምጠይቅ ሆኜ። ለጠንካሮቹ ደካሞቹን ብቻ ነው የሚያነሣላቸው አለች። ሸረሪቷ ትዝ አለችኝ።

ገበሬ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ ይመርጣል አይደል። እኔ ስንት ክረምት ፓምፕ ተሸክሜ ለቢንቢ ዘር ስመርጥላት ኖሬያለሁ።

ዓርብ፣ መስከ. 25፣ 4 ሰዓት

ነገ ልትመጣ ነው። አንሶላ አጠብኩ። ስኳር ገዛሁ።

ብነግራት አትመጣም። ዝም ብል ትመጣለች። ቀልዴን ሰምታ ፊቷን የምታዞር ሰው ይኖረኛል፣ እየሳቀች እንደሆነ ከትከሻዋ አውቃለሁ። አጎበር አለ እላለሁ። ግን አመሻሽ ላይ ደጅ ትቀመጣለች፣ አውቃታለሁ። አጎበር ተከናንቦ ደጅ የሚቀመጥ የለም።

አጎቴ፣ ያለችኝ ቀን። እጄን ይዛ፣ ገመቹን ጥራልኝ አጎቴ።

ስልኩ ካርድ የለውም ብዬ ልተወው ነበር። አየሁት፣ አለው።

እዚያው ቀን፣ 9 ሰዓት

ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ግድግዳውን፣ ኩባያውን፣ ዶሮዋን ሳይቀር። የእህቷ ከብቶች ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ እዚህም ነቀዙ መድኃኒቱን ንቆታል፣ ጎተራው ዱቄት ሆነ አለች።

ከዚያ ቀስ ብላ፣

"አባ ኦዱ፣ ሳትነግረኝ ብመጣስ ኖሮ?"

አባ ኦዱ የወሬ አባት ማለት ነው፣ ስትቆጣም ስትወድም እንዲህ ነው የምትጠራኝ። የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም። እንግዲያው እዚሁ ልቆይ አለች። ቆዪ አልኩ።

ቅዳሜ፣ መስከ. 26

የቢላ መኪና አለፈ። ደጅ ሁለት ወንበር አውጥቼ ኖሯል። አንዱን መለስኩ።

ዛሬ የረጨኋቸውን ቤቶች ልዞር ነው። ግድግዳውን አትመኑት፣ እኔንም ጭምር፣ አጎበሩን ከዶሮው ቤት ፈታችሁ አልጋ ላይ ስቀሉ እላቸዋለሁ። ዱጋሳ ይሳቅ። የርጭቱ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ቢላ እሄዳለሁ፣ አንተን ይዤ። ራሷ ታንብብህ።

ስለዚህ አንድ ነገር ላርም። ሰኞ ዕለት በስልክ ቤቱ ናፈቀኝ አለች ብዬ ጽፌብሃለሁ። አላለችም። የጠየቀችኝ ዶሮዬ እንዴት ናት ብላ ነው።